የሆላንዶች የብስክሌት ሙግት

ስለ ሆላንድና ስለ ብስክሌት ወሬ ሲነሳ የብዙ ሰው መልስ ዝግጁ ነው፦ «አገሩ ሜዳ ነው፤ ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሕዝቡም ከድሮ ጀምሮ ለምዶታል።» ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን ሜዳው በ1960ዎቹም ሜዳ ነበር፤ ከተሞቹም ያኔ ትንንሽ ነበሩ። በዚያ ዘመን ግን ሆላንዶች ብስክሌቱን ለልጆቻቸው ትተው መኪና ለመግዛት ይሽቀዳደሙ ነበር። የከተማ ፕላን አውጪዎቻቸውም ብስክሌት በጊዜው ራሱ ደብዛው ይጠፋል ብለው መንገዱን ሁሉ ለመኪና ይነድፉ ነበር። እንዴት እንደተዉትና እንዴት እንደተመለሱበት ካልተነገረ «ለምደውታል» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ቀናቱንና ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ብስክሌት ወደ ሆላንድ የገባው የባለጸጋ መጫወቻ ሆኖ ነው። በ1869 ዴቬንተር በተባለች ከተማ ቡርኸርስ የሚባል አንጥረኛ የአገሪቱን የመጀመሪያ የብስክሌት ፋብሪካ ከፈተ። በ1883 ደግሞ ብስክሌት ነጂዎች ተሰባስበው በአጭሩ አኤንቬቤ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ እናገኘዋለን።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ብስክሌት ረከሰ። ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ጸሐፊው ወደ ቢሮ የሚሄደው በእሱ ሆነ። ሕዝብ የበዛበትን ነገር ግብር አያጣውምና መንግሥት በ1924 የብስክሌት ግብር ጣለ፤ በዓመት 3 ጊልደር። የከፈለ ሰው ትንሽ የመዳብ ታርጋ ይሰጠዋል፤ ታርጋ ሳይኖረው የተገኘ ይቀጣል። የ1930ዎቹ የሥራ ማጣት ዘመን ሲመጣ ሥራ አጦች ታርጋውን በነፃ እንዲያገኙ ተፈቀደ። የነፃው ታርጋ ግን መሃሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ በእሱ እሑድ መንዳትም ክልክል ነበር። ቀዳዳውን ያየ ሁሉ የብስክሌቱ ባለቤት ሥራ የሌለው መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ብስክሌት የድሃ ነው የሚለው ስሜት መኪና ገና በየደጁ ሳይቆም በመንግሥት ማኅተም ታትሞ እንደነበር ይህች ቀዳዳ ትመሰክራለች።

ግብሩን የሻሩት የሚገርመው ጀርመኖች ናቸው፤ አገሪቱን ከያዙ በኋላ በ1941። ሕዝቡ ግን ለማመስገን ጊዜ አላገኘም። በሐምሌ 1942 ወራሪው ብስክሌቶችን ይወርስ ጀመር። በመስከረም 1944 የቃል ኪዳኑ አገሮች ጦር ደረሰ የሚል ወሬ ሲነፍስ የሸሹ ወታደሮችም ያገኙትን ብስክሌት እየነጠቁ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሆላንድና ጀርመን ኳስ በገጠሙ ቁጥር «የአያቴን ብስክሌት መልሱ» የሚለው ቀልድ ከስታዲየም አልጠፋም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ፤ ሌላ ምን ነበረውና? በ1950 በአገሪቱ የነበሩት የቤት መኪናዎች ወደ 140 ሺህ ገደማ ነበሩ። መንግሥት አገር መልሶ ለመገንባት ሲል ደመወዝ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ያደርግ ነበር። በ1959 በሰሜኑ ስሎክተረን አካባቢ ታላቅ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ተገኘ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደመወዙ ልጓም ሲለቀቅም ገንዘቡ ወደ ኪስ ገባ። የገባው ገንዘብ መጀመሪያ የተመኘው መኪና ነበር። በ1970 የመኪናው ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መሆኑ ነው።

አስተሳሰቡም አብሮ ተለወጠ። መኪና መያዝ የደረሱበትን ማሳያ ሆነ፤ ብስክሌት ደግሞ ገና ያልደረሰ ሰው መሄጃ። በአምስተርዳም በ1950ዎቹ አጋማሽ በተሽከርካሪ ከሚደረጉት ጉዞዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በብስክሌት እንደነበሩ ይገመታል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሩብ ወርዷል። ያ ሁሉ ሰው ብስክሌቱን የተወው ስለጠላው አይመስለኝም። መንገዱ ራሱ ይገፋው ነበር። የብስክሌት መስመር እየተነሳ ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣል፤ አደባባዮች በመኪና ይሞላሉ፤ ዳር ዳሩን የሚነዳው ሰው መጨረሻ ላይ «ይቅርብኝ» ይላል። እሱም ተራውን መኪና ሲገዛ ለቀሩት ብስክሌተኞች መንገዱ ይበልጥ ይከፋል።

የከተማ ባለሥልጣናትም ከተማውን ለመኪናው ልክ ለመስፋት ቆርጠው ነበር። በ1954 የአምስተርዳም ፖሊስ አዛዥ ሄንድሪክ ካስያገር የከተማዋን የውሃ ቦዮች አፈር ሞልቶ አውራ ጎዳና ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳባቸው ቦዮች ማለት ነው። ጩኸት ተነሳና ሐሳቡ ቀረ። በ1967 ደግሞ ዴቪድ ዮኪነን የሚባሉ አሜሪካዊ የትራፊክ ባለሙያ ሌላ ዕቅድ ይዘው መጡ። ሲንኸልኽራኽት የተባለው ቦይ ተሞልቶ ባለ ስድስት ረድፍ አውራ ጎዳና ይሁን፤ ዴ ፓይፕን የመሳሰሉ የሠራተኛ ሰፈሮች ፈርሰው ቦታው ለሰፋፊ መንገድና ለቢሮ ሕንፃ ይዋል የሚል ነበር። ከዕቅዱ ጀርባ የመኪና መንገድ ደጋፊዎች ገንዘብ ነበረበት። ዕቅዱ ሙሉውን አልተፈጸመም፤ ነገር ግን በቁም ነገር የተነበበ ሰነድ ነበር እንጂ የእብድ ሥራ ተብሎ አልተጣለም።

እንደ እብድ የታዩት ሌሎች ናቸው። ፕሮቮ በሚል ስም የሚታወቁ የአምስተርዳም ወጣቶች በ1965 «የነጭ ብስክሌት ዕቅድ» የሚባል ነገር አወጁ። ሐሳቡ የኢንዱስትሪ ዲዛይነሩ የሉድ ስኺመልፔኒንክ ነበር። የከተማው መሃል ለመኪና ይዘጋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሺህ የሚቆጠር ነጭ ብስክሌት ገዝቶ በየመንገዱ ይተው፣ የፈለገ አንስቶ ይንዳ፣ ሲደርስ ለሚቀጥለው ሰው ይተውለት ይላል። ወጣቶቹ ጥቂት ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው ሳይቆልፉ በከተማው አቆሙ። ፖሊስ ሰበሰባቸው። ምክንያቱም ብስክሌት ሳይቆለፍ መተው የሚከለክል የከተማ ደንብ ነበር፤ ሌባ ያበረታታል ተብሎ። ወጣቶቹ ቁጥር የሚገባለት ቁልፍ ገዝተው ቆለፏቸውና የመክፈቻውን ቁጥር ብስክሌቱ ላይ ጻፉት። ይሄ ሕግ አክባሪነት ነው ወይስ ፌዝ? ሁለቱም ይመስለኛል።

ፕሮቮዎች በ1966 ምርጫ በከተማው ምክር ቤት አንድ ወንበር አገኙ። ስኺመልፔኒንክም ተራው ደርሶት በወንበሩ ሲቀመጥ ማዘጋጃ ቤቱ 10 ሺህ ነጭ ብስክሌት ይግዛ ብሎ ጠየቀ፤ ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው። ዛሬ ከፓሪስ እስከ ቻይና ከተሞች በስልክ ተከፍተው የሚነዱት የኪራይ ብስክሌቶች አያት ይህ ውድቅ የተደረገ ሐሳብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብስክሌት የቀልደኛና የአመፀኛ ወጣት ጉዳይ ነበር። አባትና እናትን ወደ መንገድ ያወጣው ሌላ ነገር ነው፤ ሞት። በ1971 ብቻ በሆላንድ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ከሟቾቹ አንዷ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ቪክ ላንገንሆፍ ዴ ታይድ ለተባለው ጋዜጣ የሚሠሩ ጋዜጠኛ ነበሩ። ልጅቷን ገጭቶ የገደላት አሽከርካሪ የተፈረደበት 150 ጊልደር ቅጣት ነበር። በመስከረም 1972 ላንገንሆፍ በጋዜጣቸው ላይ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ርዕስ የሰጡትን ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ የእንቅስቃሴ ስም ሆኖ ቀረ። በዚያ አገር እስከዚያ ቀን የመኪና አደጋ «አደጋ» ብቻ ነበር፤ እኚህ አባት «ግድያ» አሉት፤ ብዙ ወላጅም ቃሉ የሚገባው ሆኖ አገኘው።

የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ሊቀመንበር ማርትየ ቫን ፑተን ገና ወጣት እናት ነበሩ፤ ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆነዋል። ሰልፉ የእናቶች፣ የልጆችና የብስክሌት ሰልፍ ነበር። ሰው የሞተበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ መንገድ ዘግተው ልጆች እንዲጫወቱበት ያደርጋሉ። አንድ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮፕ ዴን ዑይል ቤት ደጃፍ ሄደው ዘመሩ፤ እሳቸውም ወጥተው አቤቱታቸውን ሰሙ። መንግሥት ቆይቶ ለማኅበሩ ድጎማ ሰጠው።

በዚያው በ1972 ሊፈርስ ታስቦ በነበረው በዴ ፓይፕ ሰፈር ልጆች ራሳቸው መንገድ ዘጉ። መጫወቻ ስለሌላቸው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ለከተማው ሹሞች አቤት አሉ። ቴሌቪዥን ቀርጾታልና ምስሉ ዛሬም አለ፤ ልጆቹ ያቆሙትን መከልከያ እያነሳ ለማለፍ የሚታገል፣ በንዴት የሚጮህ አሽከርካሪም ይታያል። ሰውየው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። መንገድ የመኪና ነው ተብሎ የተነገረው፣ ያንንም ያመነ፣ ለመኪናውም የለፋ ሰው ነው። የነዚያ ዓመታት ጠብ መልኩ ይሄ ነበር፤ ሁለቱም ወገን የቆመው በገዛ ሰፈሩ፣ ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ነው።

በጥቅምት 1973 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ሲፈነዳ የአረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን ደግፈዋል ባሏቸው አገሮች ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ ከአሜሪካ ጋር ሆላንድም ተመታች። መንግሥት ከኅዳር 4 ቀን 1973 ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። እስከ ጥር 1974 በቀጠሉት በእነዚያ እሑዶች ሕዝቡ አውራ ጎዳናው ላይ በብስክሌት፣ በእግርና በባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ወጣ። ዴን ዑይል በቴሌቪዥን ቀርበው ነገሩ እንደ ድሮው እንደማይመለስ ለሕዝቡ ተናገሩ። ብዙ ሰው ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ከተማውን ያለ መኪና ድምፅ የሰማው።

የነዳጁ ወላፈን እኛም ዘንድ ደርሷል፤ መልኩ ግን ሌላ ነበር። በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨምሮ ታሪፉ ባለበት ሲቆም፣ በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር፣ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን ነበሩበት። ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። አንዱ የነዳጅ ማዕቀብ በአምስተርዳም ልጆችን አስፋልት ላይ ሲያጫውት በአዲስ አበባ የዙፋን መናጋት መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ልዩነቱ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ በሆላንድ ቤንዚኑ ሲጠፋ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ብስክሌት ነበር፤ የአዲስ አበባ የታክሲ ተሳፋሪ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ብስክሌት አልነበረውም።

ማዕቀቡ ሲያልቅ መኪናው ወደ መንገዱ ተመለሰ። እንዲያውም ብዛቱ ጨመረ። «የነዳጅ ችግር ሆላንዶችን ብስክሌተኛ አደረጋቸው» የሚለው ተረት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ሐሳቡን ለሚያቀርቡት ጆሮ ሰጣቸው እንጂ ማንንም ከመኪናው አላወረደም። ለማውረድ የመንገድ ሥራ ያስፈልግ ነበር፤ የመንገድ ሥራ ደግሞ ጠብ ነው።

ጠቡ መጀመሪያ የመጣው በስም ነው። በ1883 በብስክሌተኞች የተቋቋመው አኤንቬቤ በጊዜ ሂደት የመኪና ባለቤቶች ጠበቃ ሆኖ ነበር፤ ስሙ ውስጥ ብስክሌት ቢኖርም። በ1975 አዲስ የብስክሌተኞች ማኅበር ሲቋቋም ራሱን «እውነተኛው የሆላንድ ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር» ብሎ ሰየመ። ስላቁ ያልገባው ሰው አልነበረም። አኤንቬቤ ከሰሰ፤ አዲሱ ማኅበርም ስሙን ለመለወጥ ተገደደ። ዛሬ ፊትሰርስቦንት በሚል ስም የሚታወቀው እሱ ነው። አባላቱ በየከተማው ጉድጓድ ያለበትን፣ መብራት የሌለበትን፣ ሰው የሚገጭበትን ቦታ እየመዘገቡ ለማዘጋጃ ቤት ያቀርቡ ነበር። ከሰልፉ ይልቅ ይህ አሰልቺ ሥራ የበለጠ ሳይለውጥ አልቀረም።

በዚያው ጊዜ መንግሥት በዘ ሄግና በቲልቡርግ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ ለሙከራ አሠራ። ባለሱቆች በተለይ በዘ ሄግ ተቃወሙ፤ ደንበኛ በመኪና ካልመጣ ማን ይገዛናል አሉ። መንገዱ ሲያልቅ ብስክሌተኛው በቲልቡርግ በ75 በመቶ ያህል፣ በዘ ሄግም ከ30 እስከ 60 በመቶ በዛ። ይሁንና አጥኚዎቹ ሌላ ነገርም አዩ። አዲሱ መንገድ ላይ ከተገኙት ብዙዎቹ ድሮም በሌላ መንገድ ይነዱ የነበሩ ናቸው፤ መኪናውን ትቶ የመጣው ጥቂት ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ መንገዱ ካልደረሰ፣ ቢሮው አጠገብም ተቆርጦ ከቀረ፣ መሃል ላይ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ቢያምር ለሠራተኛው ምን ይረባዋል? ስለዚህ ደልፍት ከ1979 ጀምሮ አንድ መንገድ ሳይሆን መረብ ዘረጋች፤ ከሰፈር ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ከተማው ዳር ሳይቋረጥ የሚያደርስ። ብስክሌት ነጂው ጨመረ። የመኪናው ጉዞ ግን ብዙም አልወረደም። ለብስክሌት ማመቻቸት አንድ ነገር ነው፤ መኪናን ማስቸገር ሌላ። ሁለተኛውን ደግሞ ማንም ፖለቲከኛ በፈቃዱ አይነካውም።

ግሮኒንገን ነካችው። ይህች የሰሜን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ወጣት ሶሻሊስቶች የያዙት ምክር ቤት ነበራት፤ የትራፊኩን ጉዳይ የያዙት ማክስ ቫን ደን ቤርኽ ገና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ዕቅዳቸው ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ነው ያስቆጣው። የከተማው መሃል በአራት ይከፈላል። በእግርና በብስክሌት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደልብ ማለፍ ይቻላል። በመኪና ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም፤ ወጥቶ በቀለበት መንገዱ ዞሮ በሌላ በር መግባት ግድ ነው። በብስክሌት የሦስት ደቂቃ መንገድ በመኪና የሩብ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። መንዳት አልተከለከለም፤ ግብርም አልተጣለም። አቋራጩ ብቻ ከመኪናው ተወስዶ ለብስክሌቱ ተሰጠ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሌሊት ነው፤ መስከረም 19 ቀን 1977። ሰው ማለዳ ሲነሳ ምልክቶቹ ተለውጠው፣ መንገዶቹ በአበባ ገንዳ ተዘግተው አገኘ። ባለሱቆች ሊያብዱ ደረሱ፤ ከተማው ሞተ፣ ንግዱ ከሰረ ተባለ። ቫን ደን ቤርኽ በዚያ ዘመን በከተማው ነጋዴ ዘንድ ስማቸው አይነሣም ነበር። ምክር ቤቱ ግን ወደ ኋላ አላለም። ዓመታት ሲያልፉ ይመለስልን የሚለው ድምፅ እየሳሳ ሄደ፤ ዛሬ በግሮኒንገን ከሚደረጉት የከተማ ጉዞዎች ከግማሽ የማያንሰው በብስክሌት እንደሆነ ይነገራል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ቦታ ይህ ነው። የግሮኒንገን ሰው ተሰብኮ፣ አምኖ፣ ከዚያ አልነዳም። መጀመሪያ መንገዱ ተለወጠ፤ ለጥቂት ዓመት ተራገመ፤ ቆይቶ ከድሮም የእኔ ምርጫ ነበር ማለት ጀመረ።

አምስተርዳም ዘግይታ፣ በጩኸትም ደረሰች። በ1972 የከተማው ምክር ቤት በኒውማርክት ሰፈር ሊያልፍ የነበረውን አውራ ጎዳና በአንድ ድምፅ ብልጫ ሰረዘ። በ1975 ለምድር ውስጥ ባቡሩ ሲባል የዚያው ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ ፖሊስና ነዋሪ ተፋለሙ። በ1977 እና በ1978 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በብስክሌት ሰልፍ ወጡ። ከ1978 ምርጫ በኋላ የትራፊኩን ኃላፊነት የያዙት ሚኬል ቫን ደር ቭሊስ ለብስክሌት፣ ለእግረኛና ለትራም የሚያደላ ዕቅድ አወጡ። ፓርኪንግ ተቀነሰ፤ የቀረውም ውድ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ልብ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ሁለት የድምፅ ውጤት ይመልከት። በ1992 አምስተርዳም ሕዝቧን የመሃል ከተማው መኪና ይቀነስ ወይ ብላ ጠየቀች። ድምፅ ለመስጠት የመጣው ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም፤ ከመጣውም ይቀነስ ያለው ከግማሽ በጥቂቱ የበለጠ ነው። በ1994 ደግሞ ግሮኒንገን አንድ መናፈሻን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ለመኪና ይዘጋ እንደሆነ ጠየቀች፤ ይዘጋ ያለው 51 በመቶ አካባቢ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ ዛሬ ይከፈት የሚል የለም። ግን 49 በመቶ ማለት ድምፅ ከሰጠው ሰው እኩሌታው ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው፤ ያውም በዓለም በብስክሌቷ በምትታወቅ ከተማ።

በ1990ዎቹ ብስክሌት የሰልፍ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሆነ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር የአገር አቀፍ የብስክሌት ዕቅድ አወጣ፤ ዓላማው በግልጽ ሠራተኛውን በአጭር ርቀት ከመኪና ማውረድ ነበር። ቀጣሪዎች ለሠራተኛ ብስክሌት እንዲገዙ የግብር ማበረታቻ ተሰጣቸው። የሥራ ጉዞ አበልም አለ፤ ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት በኪሎ ሜትር እስከ 19 ሳንቲም ዩሮ ያለ ግብር ይከፈል ነበር፤ ሠራተኛው በመርሴዲስ ቢመጣ፣ በብስክሌት ቢመጣ፣ በእግሩ ቢመጣ ልዩነት የለውም። ቤንዚን የማይገዛው ሰው ታዲያ አበሉ ትርፍ ይሆንለታል።

ሠራተኛውን ይበልጥ የረዳው ግን ባቡሩ ይመስለኛል። ቤቱ ከቢሮው 40 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው በፔዳል አይደርስም። እስከ ባቡር ጣቢያው በብስክሌት ሄዶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ በዚያኛው ጫፍ ሌላ ብስክሌት ተከራይቶ ግን ይደርሳል፤ ለዚህ የሚሆን የጣቢያ ኪራይ ብስክሌት በ2003 ተጀመረ። ዛሬ ወደ ጣቢያ ከሚመጡት የባቡር ተሳፋሪዎች ግማሽ የሚጠጉት በብስክሌት ነው የሚመጡት። ዩትሬክት በ2019 በጣቢያዋ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ ጨርሳ ከፈተች። በ2015 ደግሞ አርነምንና ናይመኸንን የሚያገናኝ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ፈጣን የብስክሌት መንገድ ተከፍቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ከተማ ለሆነ ሰው ማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚታገዘው ብስክሌት ከመጣ ወዲህ ይህ ርቀት ለአምሳ ዓመት ሰውም አይከብድም፤ በ2020 ከተሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ።

ጠቡ ግን በየምክንያቱ ብቅ ማለቱን አልተወም። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም በ2003 ለዕድሳት ሲዘጋ የስፔን አርክቴክቶቹ በሕንፃው ሥር የሚያልፈውን ዋሻ መሰል መተላለፊያ የሙዚየሙ መግቢያ ሊያደርጉት ፈለጉ። ብስክሌተኞቹ መንገዳችን ነው ብለው እምቢ አሉ። አስተዳዳሪዎቹ ለሥነ ጥበብ ሲሉ ተከራከሩ፤ ብስክሌተኞቹ ለእለት መንገዳቸው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ2013 ሙዚየሙ ሲከፈት ብስክሌቱ በመተላለፊያው ማለፉን ቀጠለ። ሬምብራንትን ለማየት የመጣ እንግዳ ዛሬም ደወል እየሰማ ዞር ይላል።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ሆላንድ መኪና የተወች አገር አይደለችም። ከ9 ሚሊዮን የማያንስ መኪና አላት፤ ከጉዞዎች ሁሉ በብስክሌት የሚደረጉት ከሦስት አንድ አይሞሉም፣ በመኪና የሚደረጉት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት በብስክሌት አድርሶ ቅዳሜ በመኪና ገበያ ይሄዳል። ከቱርክና ከሞሮኮ ከመጡ ቤተሰቦች መካከል ደግሞ ብስክሌት የሚነዳው ከሌላው ያነሰ መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ በተለይ ሴቶቹ፤ ስለዚህም በየከተማው የብስክሌት ትምህርት የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ መኪና በመጡበት አገር የመቃናት ምልክት መሆኑ ነው። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በእኛም ከተማ መኪና ያለው ሰው በብስክሌት ቢሮ ቢሄድ «ምን ገጠመው?» ተብሎ ይጠየቃል። የ1960 ሆላንዳዊም እንዲሁ ይጠየቅ ነበር።

በ2017 በሆላንድ መንገዶች የሞቱት ብስክሌተኞች መኪና ውስጥ ከሞቱት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ፤ 206 ለ201። ከእነሱም ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው፤ የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ድሮ በዕድሜ ምክንያት ይተዉት የነበሩትን ሰዎች በፍጥነት መንገድ ላይ አቆይቷቸዋል። አምስተርዳም በሚያዝያ 2019 ቀላል ሞተር ብስክሌቶችን ከብስክሌት መስመር አውጥታ ወደ አስፋልቱ ሰደደች። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በአብዛኛው መንገዷ የመኪናውን ፍጥነት ከ50 ወደ 30 ኪሎ ሜትር አወረደች፤ አሽከርካሪዎችም በ1977 የግሮኒንገን ባለሱቆች ያሉትን የሚመስል ነገር አሉ።

አሁን የሚያጨቃጭቀው ሄልሜት ነው። ሆላንዳዊ ሄልሜት አድርጎ ወደ ሥራ አይሄድም፤ የአንጎል ሐኪሞች ግን በየቀኑ የሚያክሙትን እያዩ ማድረግ አለባችሁ ይላሉ፤ መንግሥትም ሰው በፈቃዱ እንዲያደርግ መወትወት ጀምሯል። ያ ስሙን በፍርድ ቤት የተነጠቀው የብስክሌተኞች ማኅበር ማድረጉን አይቃወምም፤ ግዴታ መሆኑን ነው የሚቃወመው፤ ግዴታ ከሆነ ብዙ ሰው ብስክሌቱን ትቶ መኪናውን ያስነሳል እያለ። ሐኪሞቹ በዚህ አልተስማሙም።